ጀርባን ለባሕሩ ሰጥቶ

አሳል ሐይቅ ዳር ካሜራ ይታለላል። የብርሃን መለኪያው የተሠራው ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደማመር ግራጫ ይሆናል በሚል ስሌት ስለሆነ፣ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ምስሉን ያጠቁራል። ቀትር ላይ ዓይን የሚያጭበረብረው የጨው ሜዳ ስክሪኑ ላይ አመድ መስሎ ይወጣል። ለዚህስ መላ አለው፤ የሚገባውን ብርሃን መለኪያው ካለው በላይ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ጣጣው የሚመጣው ጨዉ ላይ ሰው ሲቆም ነው። ለጨው የተስተካከለ ካሜራ እንደኛ ያለውን ጠይም ፊት ጥላ ያደርገዋል። ለፊት ሲስተካከል ደግሞ ጨዉም ሰማዩም ይነድዱና ባዶ ወረቀት ይሆናሉ። በፊልም ዘመን ነገሩ ይብስ ነበር። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያሠራጨው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ስለነበር፣ ጥቁር ፊት በዚያ ልክ ሲታተም ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ዛሬ ካሜራው በጣም ተሻሽሏል። ምርጫው ግን አሁንም የፎቶ አንሺው ነው፤ ወይ ለቦታው፣ ወይ ለሰውየው።

ሐይቁ ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ስለሚገኝ በአፍሪካ ከዚህ የዘቀጠ መሬት የለም። ውሃው የሚመጣው ከጎቤት የባሕር ሰርጥ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ አለት እየሰረሰረ ይወርዳል። ከገባ በኋላ መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ትመጠዋለች፤ ጨዉ ይቀራል። ስለዚህ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። አፋሮች ይህን ጨው ለዘመናት በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው ሲያወጡ ኖረዋል። በሐይቁና በሰርጡ መካከል ያለው አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ1978 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ የተወው ጥቁር አለት ከነጩ ጨውና ከሰማያዊው ውሃ ጋር ሲገጥም፣ ማንም ካሜራ ያለው ሰው ቆሞ ሳያነሣ አያልፍም።

እኔም ከጎብኚዎች ጋር ቆሜ አነሣሁ። ከዚያ ግን ሹፌራችን ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወደ ኋላ አመለከተኝ። ከበላያችን ባለው የአስፋልት ዳር አንድ ረድፍ ወጣቶች ይጓዛሉ። አንዳንዱ ነጠላ ጫማ ተጫምቷል፤ ፎጣ የተከናነበ አለ፤ እያንዳንዱ ሃይላንድ ወይም ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዟል። ከጋላፊ ድንበር በኩል ገብተው፣ በዚህ ሐይቅ አናት ዞረው፣ በታጁራ አድርገው ባሕሩን ለመሻገር ወደ ኦቦክ የሚሄዱ የኛው አገር ልጆች ናቸው። ማንም ጎብኚ አላያቸውም፤ ሁሉም ወደ ውሃው ዞሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ጠረፍ ስሠራ የምከተለው ነገር ቢኖር ጀርባዬን ለባሕሩ መስጠት ነው። ይህን የምለው ባሕሩን ንቄ አይደለም። የደጋ ሰው ነኝ። ኤርትራ በ1993 እ.ኤ.አ. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ባሕር የሚያየው በፎቶና በፊልም ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ባሕር ዳር ሲደርስ ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ውሃው ቢሮጥ አይፈረድበትም። ጅቡቲም የምታሳየው አላት፦ ከኅዳር እስከ የካቲት አርታ ዳርቻ የሚመጣው ግዙፍ የዓሣ ነባሪ ሻርክ፣ የሙሻ ደሴት ኮራል፣ ማታ ማታ ሐምራዊ የሚሆነው የታጁራ ሰርጥ። እነዚህን የሚያሳዩ ፎቶዎች በብዛት አሉ፤ ቆንጆዎችም ናቸው። የጠረፉ ታሪክ ግን ከወዲህ ነው። ከየብሱ ነው የሚመጣው፤ በእግር፣ በተሳቢ፣ በባቡር።

ከዚህ ጠረፍ ከተነሡ ፎቶዎች ዓለም ሁሉ ያወቀው አንዱ ይህን የተረዳ ነው። አሜሪካዊው ጆን ስታንሜየር በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ ሌሊት ያነሣው ሲሆን፣ በማግስቱ ዓመት የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር የዓመቱ ምርጥ ተብሏል። ጨረቃ ባሕሩ ላይ ወጥታለች። ዳርቻው ላይ የቆሙ ሰዎች የእጅ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ከጎረቤት ሶማሊያ የሚመጣ ርካሽ ኔትወርክ እየፈለጉ ነው፤ ወደ ቤት ለመደወል። ከሶማሊያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ የተነሡ መንገደኞች ጅቡቲን የሚያልፉባት በመሆኑ፣ እነዚያ ጥላዎች ውስጥ የኛ ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ አያዳግትም።

ይህን ፎቶ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር የሚገርመኝ የፊት አለመኖር ነው። የማንም ፊት በግልጽ አይታይም። ስለ ስደት የምናያቸው አብዛኞቹ ፎቶዎች ፊት ላይ የሚያተኩሩ ናቸው፤ የደረቀ ከንፈር፣ የፈጠጠ ዓይን፣ ያለቀሰ ሕፃን። ስታንሜየር ያሳየን ግን አንድ ሥራ ነው፦ ኔትወርክ መፈለግ። ይህን ሥራ የማያውቅ የለም። ቤቱ ጣሪያ ላይ የወጣ፣ ኮረብታ ላይ ቆሞ «ይሰማል? ይሰማል?» ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ተመልካቹ ከንፈሩን መጥጦ አያልፍም፤ ያ ሰው ለማን ሊደውል ነው ብሎ ይጠይቃል። የዚያ ምሽት ሰዎች ለእናታቸው፣ ለሚስታቸው፣ ለወንድማቸው ሲሉ እጃቸውን ዘርግተዋል። እኔ በዚህ ጠረፍ ለመሥራት የምመኘው እንዲህ ያለ ፎቶ ነው።

ስታንሜየር እዚያ የተገኘው ጸሐፊው ፖል ሳሎፔክ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ለጀመረው ረጅም የእግር ጉዞ ነው። ሳሎፔክ መነሻውን ያደረገው አፋር ውስጥ ሄርቶ ቡሪ የተባለውን ቦታ ነው፤ ወደ 160,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የሰው ዘር ቅሪት የተገኘበት። ዓላማው የጥንት ሰዎች ከአፍሪካ የወጡበትን መንገድ መከተል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ተሻገሩበት ተብለው ከሚታሰቡ መንገዶች አንዱ ባብ ኤል መንደብ ነው፤ ሁለቱ ዳርቻዎች በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። እንግዲህ ከአፋር ተነሥቶ በዚህ ጠረፍ በኩል ወደ ዓረቢያ መሻገር ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም።

ታጁራ ከተማ ላይ ይህ ይበልጥ ይገባል። ነጫጭ መስጊዶቿ ከባሕሩ ሲታዩ ፎቶ አንሺን ይጠራሉ። አርተር ራምቦ በ1885 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እዚህ መጥቶ ለዓመት ያህል ተቀምጧል፤ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ሊያደርስ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ገጣሚነቱን ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሐረር ላይ ካሜራ አስመጥቶ ራሱን በተለያየ ቦታ አንሥቷል፤ አንዱን በረንዳ ላይ፣ አንዱን ቡና መካከል፣ አንዱን ሙዝ ሥር ቆሞ። ፎቶዎቹ ደብዝዘው እንደወጡ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ያሳበበው ለማጠቢያ የተጠቀመበትን መጥፎ ውሃ ነበር። በሙቀትና በድርቅ አገር ፊልምና ብርጭቆ ያጠበ ሁሉ ይህን ምሬት ያውቀዋል።

ታጁራ ሲደርስ ግን ካሜራ አልነበረውም። ቀደም ብሎ ሸጦታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። በዚያን ጊዜ ታጁራ ከመሐል አገር የተፈነገሉ ሰዎች ወደ ዓረቢያ የሚሻገሩባት የባሪያ ወደብ ነበረች፤ ራምቦም ይህንኑ በደብዳቤው ጽፏል። በዚያ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ሳምቡክ የሚባለውን ጀልባ የጠበቁት ልጃገረዶችና ወንዶች ልጆች ፊት አልቀረልንም። የሐረሩ ነጋዴ የራምቦ ፊት ግን ሦስት ቦታ ተቀምጦልናል። የዛሬዎቹ መንገደኞች በገዛ እግራቸው የሚመጡ ናቸውና ሁለቱን አንድ አላደርግም። መንገዱ ግን ያው ነው፤ ፎቶ ማን እንደሚቀርለትና ማን እንደማይቀርለት የሚወስነውም አሁንም ካሜራ ያለው ሰው ነው።

ታጁራ ዳርቻ ላይ ጀልባ የሚጠግኑ ሰዎች አየሁና ካሜራዬን ወደ ዓይኔ አነሣሁ። ከመካከላቸው አንድ አረጋዊ አፋር እጃቸውን ወደ ላይ አደረጉ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቆይ ማለት ነበር። ሹፌራችን አስተረጎመልኝ። «ዳጉ ሳንለዋወጥ ምን ልትወስድ ነው?» ነበር ያሉት። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው የየመጡበትን ወሬ በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ። ይህ ነው ዳጉ። የሰማውን አጣርቶ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታ ነው፤ ሐሰት የተናገረ ስሙ ይጠፋል። ተቀመጥኩ። ሻይ መጣ። ከአዲስ አበባ መምጣቴን፣ ዝናቡ መዘግየቱን፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ መብዛቱን ነገርኳቸው። እሳቸው ዓሣው መራቁን፣ የልጃቸው ልጅ ወደ ከተማ መሄዱን፣ በዚያ ሳምንት በኦቦክ መንገድ ያለፉት «ሐበሾች» ከወትሮው ሕፃን መሆናቸውን ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ «አሁን አንሣ» አሉኝ። እንዴት መቆም እንዳለባቸውም ራሳቸው መረጡ።

ስለ ፎቶ ሥነ ምግባር ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል ጠቃሚ የለም። ፎቶም ዳጉ ነው ብዬ ነው የምይዘው፤ ከሰው የተቀበልኩትን ወሬ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ለሌላ አደርሳለሁ። ስለዚህ ከታጁራ ወደ ኦቦክ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የግራር ጥላ ሥር ያረፉ ወጣቶች ስናገኝ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ቀረ። ውሃ ነበረን፤ አካፈልናቸው። ተቀመጥን። አማርኛና ኦሮምኛ ይቀላቅላሉ። ከወሎ የመጣ አለ፣ ከአርሲ አለ፣ ከትግራይ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ደላላው ፋንተሄሮ ላይ ጀልባ እንደሚጠብቃቸው ነግሯቸዋል። ፋንተሄሮ ከኦቦክ በስተሰሜን ያለ፣ ሰው በግራር ሥር ለቀናት ጀልባ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ሳዑዲ ነው፤ ስለ የመን ጦርነት ስጠይቅ ግማሾቹ አልሰሙም፣ ግማሾቹ ሰምተው «እናልፈዋለን» ይላሉ።

ከረጅም ጨዋታ በኋላ ፎቶ ማንሣት እችል እንደሆነ ጠየቅሁ። ከወሎ የመጣው ልጅ ቶሎ መለሰ፦ «እጄን አንሣ፣ እግሬን አንሣ፤ ፊቴን ግን ተወኝ ጋሼ።» ፖሊስ ፈርቶ መስሎኝ ነበር። «እናቴ ድሬዳዋ የቀን ሥራ ላይ ያለሁ ነው የሚመስላት» አለ። «ፎቶው ዞሮ ዞሮ ስልኳ ላይ ቢደርስ አትተርፍም።» ይህን ከሰማሁ በኋላ ፊቱን አላነሣሁም። የሰው ፊት አለማሳየት ሲባል እኛ ሁልጊዜ የምናስበው መንግሥትን ወይም አሻጋሪን ነው። ያ ልጅ የሚጠብቀው ግን እናቱን ነበር።

ከሁለቱ ወንድማማቾች ታላቁ ግን ተቃራኒውን ጠየቀኝ። ሁለቱንም ፊት ለፊት፣ አጥርቼ እንዳነሣቸው፣ ለማንም እንዳላሳይ፣ ከስልካቸው ወሬ ከጠፋ ግን ለቤተሰባቸው እንድልክ። የቤተሰቡን ስልክ ቁጥር በደብተሬ ላይ በገዛ እጁ ጻፈልኝ። ለምን እንደጠየቀኝ ማስረዳት አላስፈለገውም። ጥር 2019 እ.ኤ.አ. ከኦቦክ አካባቢ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚመለሱ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት እዚያው አካባቢ ተገለበጡ፤ በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ 38 ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጀመሪያ፣ ኮር አንጋር አጠገብ፣ ቢያንስ 45። ከሞቱት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ባሕሩ የመለሰው ሬሳ አሸዋው ላይ ይቀበራል፤ ብዙ ጊዜ ስም የለውም። ወንድሙ የጠፋበት ሰው ፎቶውን በፌስቡክና በቴሌግራም እያዞረ «ይህን ልጅ ያየ» ይላል። የሚዞረው ፎቶ ግን ብዙውን ጊዜ የድሮ ነው፤ የምርቃት ወይም የሠርግ። በመንገድ ላይ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ፀጉሩ አድጎ የነበረውን መልክ የያዘ የለም።

የወንድማማቾቹን ፎቶ አነሣሁ። ለፊት አስተካክዬ፤ ከኋላቸው ያለው ሰማይና ባሕር ነድዶ ነጭ ሆኗል። በሙያው ዓይን የተበላሸ ይባል ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ጠረፍ ካነሣሁት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። የትም አላወጣሁትም፤ አላወጣውምም። በስልክ ያነሣሁት ስላልሆነ የቦታ መረጃ አልያዘም፤ ሌሎችን በስልክ ስናነሣ ግን ፎቶው ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠው የቦታና የሰዓት መረጃ አሻጋሪም ፖሊስም ሊያነበው የሚችል መሆኑን ማወቅ አለብን። ከመላክ በፊት እሱን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። ያልታየ ፎቶ ምን ይጠቅማል ይላሉ፤ ዓለም የሚነቃው ፊት ሲያይ ነው ይላሉ። ክርክሩን አከብራለሁ፤ ፊት ያሳዩ ፎቶዎች ሕግ ያስለወጡበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ምስክርነት የሚሰጠው ሰው ራሱ ሲፈቅድ ነው እንጂ ሲዝል፣ ሲጠማና እምቢ የሚልበት አቅም ሲያጣ አይደለም። ውሃ ከሰጠሁት በኋላ የፈቀደልኝ እንኳ ለውሃው ብሎ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ስለዚህ ነው መጀመሪያ ብዙ የምቀመጠው። ደግሞም ውበትና እውነት መጣላት የለባቸውም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. ዳሎል ጨው ሜዳ ላይ ስለ ውሃ የሠራቻቸው ፎቶዎች አሉ፤ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ሴቶች የውሃ ዕቃ ይዘው። የማንንም ችግር አድፍጣ አላነሣችም፤ ውሃ መቅዳት በሴት ትከሻ ላይ መሆኑን ግን ማንም ሳይገባው አያልፍም። እንዲህም ይቻላል።

ከኦቦክ ስመለስ ጅቡቲ ከተማ መግቢያ ላይ ፒኬ 12 የሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ አካባቢ ዋልኩ። ከሆቴል ማቀዝቀዣ ወጥቶ ያንን እርጥብ ሙቀት ያገኘ ሌንስ ወዲያው ይታፈናል፤ ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሙቀቱን እስኪለምድ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያ ጥበቃ ጊዜ ነው ከሾፌሮች ጋር የተዋወቅሁት። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህ ወደብ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከሰበታ እዚህ ይደርሳል፤ ሆኖም አብዛኛውን ማዳበሪያ፣ ስንዴና ብረት አሁንም የሚያወጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሽሮ የሚሸጡ ሴቶች፣ ጎማ የሚለጥፉ ልጆች፣ መኪናው ሥር ፍራሽ ዘርግተው የሚተኙ ረዳቶች፤ ሁሉም አማርኛ ያወራሉ። የኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ አለ ከተባለ እዚህ ነው። ፎቶ አዳራሾቻችን ግን ይህን አያሳዩም፤ አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሰለ የፎቶ መድረክ ባስተናገደችው አዲስ አበባ አንድ ሙሉ ግድግዳ ለዚህ መንገድ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

ሾፌሮቹ ፎቶ አይሸሹም፤ ይወዳሉ። ያደግሁበት ሰፈር ፎቶ ቤት ውስጥ ባሕርና ዘንባባ የተሣለበት መጋረጃ ነበር፤ የአዲስ ዓመት ልብስ የለበሰ ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ይነሣ ነበር። እነዚህ ሰዎች በሥዕል ያደጉበትን ባሕር በየሳምንቱ ይጎበኙታል፤ ግን ከወደብ አጥርና ከወረፋ አልፈው ውሃው አጠገብ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ጎልማሳ ሾፌር ለዓመታት በዚህ መስመር ሲመላለስ አንድም ቀን እግሩን ባሕር ውስጥ እንዳልነከረ ነገረኝ። ጭነት ሞልቶለት ሊወጣ ጥቂት ሰዓት ነበረው። «ለልጆቼ የምልከው አንድ አንሣኝ» አለ። መኪናው ያለችበት ቦታ ባሕሩ በስተኋላዬ ነበር። እንደ ልማዴ ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ፣ እሱን ከመኪናው በር ጋር በፍሬሙ ውስጥ አስገባሁ።

«የለም፣ የለም» አለኝ፤ እጁን እያወናጨፈ። «አንተ ወዲህ ዙር። ባሕሩም ይግባ፣ ተሳቢውም እንዳይቆረጥ። ታርጋውም ይታይ፤ ትልቁ ልጄ ታርጋዋን በቃሉ ነው የሚያውቃት።»